ሥዕል የሌለው መጽሐፍ፦ ወደ ቁይና ወደ ደብረ ኤልያስ የሄድኩበት ሳምንት

ወደ ጎጃም የሄድኩት ሌባ ፍለጋ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዚያ ሳምንት ያየሁትን መንገድና ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በምን ዓይን እንዳየሁት አንባቢ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው። የደብሮቹን ስም ግን አልጽፍም። ምክንያቱ እያነበባችሁ ይገባችኋል።

ኑሮዬ አዳማ ነው። በወረቀት የተያዘን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር፣ ዳታቤዝ መሥራት ማለት ነው፣ እንጀራዬ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በምሥራቅ ጎጃም ያሉ የብራና መጻሕፍትን የሚመዘግብ አንድ አነስተኛ ማኅበር ሥራ ሰጠኝ። የየደብሩ መጽሐፍ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ ሥዕል እንዳለውና እንደሌለው፣ ሽፋኑ ምን እንደሚመስል ይጻፋል። አንድ ቀን ቢጠፋ ወይም ቢሸጥ ምን እንደነበረ ይታወቃል። ፎቶግራፉ ለኋላ ተብሎ ቀረ።

መዝገቡ ያለው ደብረ ማርቆስ፣ በማኅበሩ ቢሮ ውስጥ በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። በቁይ አንድ መዝጋቢ አለ፤ በደብረ ኤልያስም እንዲሁ አንድ አለ። ሁለቱም ከያሉበት ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ ማርቆሱ ኮምፒውተር ይገባሉ። መዝገቡ ከማርቆስ አይነሳም። በመስመሩ የሚመላለሰው የስክሪኑ ምስልና እነሱ የሚመቱት ፊደል ብቻ ነው። ለደካማ ኔትወርክ ከዚህ የሚሻል የለም ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን የማኅበሩ አስተባባሪ አቶ አንተነህ ደወሉልኝ።

«መዝገብሽና የመምሬ ተገኘ ሳጥን አልተስማሙም» አሉኝ።

መምሬ ተገኘ ከቁይ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ደብር ቄሰ ገበዝ ናቸው። የደብሩ ንብረት ቁልፍ በእጃቸው ነው። ማኅበሩ የተመዘገበውን ለምእመናኑ ሲያነብ፣ የደብሩ አሮጌ ተአምረ ማርያም አሥራ አራት ሥዕል አለው ይላል። ሳጥኑ ተከፍቶ መጽሐፉ ሲታይ አንድም ሥዕል የለበትም። ለአገልግሎት የሚወጣው አዲሱ ቅጂ ስለሆነ አሮጌውን ከመምሬ በቀር ገልጦ የሚያውቅ ካህን በሕይወት አልነበረም።

«ሥዕሉን ቆርጦ ሸጠ እየተባለ ነው። ቁልፉን ተቀብለዋቸዋል» አሉኝ አቶ አንተነህ። «ወይ እሳቸው ሰርቀዋል፣ ወይ መዝገቡን የነካ አለ። መጥተሽ እይው።»

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ በንጋት ተነስተን ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ የአዳማን ስለመሰለኝ ሰውነቴ ተፍታታ። ደጀን ላይ ስንወጣ ግን ብርዱ ከሹራቤ ሥር ገባ። እኛ ዘንድ ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ባዶ እጁን መጥቶ አጥንት ይነካል።

ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከደጀን ጀምሮ ይጠይቀኛል። ከየት ነሽ፣ ማን ዘንድ ነው የምትሄጂ፣ በቦርሳው ያለው ምንድነው። እኔ ደግሞ የምሠራበትን ላፕቶፕ ታቅፌ ስለነበር ጥያቄው ሁሉ ሌላ ነገር ያዘለ መሰለኝ። ስሜን ሲጠይቀኝ የእህቴን ስም ነገርኩት።

አንድ ፍተሻ ላይ ቦርሳዬ ተከፈተ።

«ይህ ምንድነው?» አለ ፈታሹ።

«ኮምፒውተር ነው። ለመዝገብ ሥራ።»

«የምን መዝገብ?»

መዝገብ የሚለው ቃል እንዳልተወደደለት ፊቱ ነገረኝ። እኔም የመጻሕፍት ብል መጻሕፍቱ የት ናቸው ሊለኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያ ጠያቂው ሰውዬ ከኋላዬ ሆኖ «ከእኔ ጋር ናት፤ ዘመዴ ናት» አለ። ተለቀቅን። ላመሰግነው ሲገባኝ፣ ለምን ብሎ ዋሸልኝ የሚለው ነገር እስከ ሉማሜ ድረስ ሲያብሰለስለኝ ነበር። አምበር ላይ ወረደ። ወርዶም በመስኮት በኩል የእህቴን ስም ጠርቶ፣ «ስትመለሽ ከእኛ ቤት ሳትውዪ እንዳታልፊ፤ ቤቴ ከወፍጮው አጠገብ ነው» አለኝ። አመስግኜ መስኮቱን ዘጋሁ።

ደብረ ማርቆስ ያደርኩበት ሆቴል አልጋው ንጹሕ፣ ብርድ ልብሱ ስስ ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ስንቀጠቀጥ አይተው የራሳቸውን ጋቢ አመጡልኝ። «ቆለኛ ናት» ሲሉ ለአስተናጋጇ ሰማኋቸው። በሩን ቆልፌ ላፕቶፑን ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

ዓርብ

አቶ አንተነህ በስድሳዎቹ የሚገኙ የቀድሞ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ቢሯቸው አንድ ክፍል ነው፤ ያ ኮምፒውተር ከማዕዘኑ ተቀምጦ ቀን ከሌት ይሠራል። ተቀምጬ የመምሬ ተገኘን መጽሐፍ ገጽ ከፈትኩ። እውነትም አሥራ አራት ሥዕል ይላል። የመዝጋቢው ቦታ ላይ «መዝጋቢ» የሚል ብቻ ነው ያለው።

«የትኛው መዝጋቢ?» አሉ አቶ አንተነህ።

«ሁለቱም የሚገቡት በዚህ ስም ነው። አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል።»

«እንዲህ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እንዳይቸገሩ ብዬ።»

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጥያቄያቸው በእኔ ላይ መዞሩን አስተዋልኩ። የይለፍ ቃሉን አዳማ ውስጥ ማን ያውቀዋል? ከቤትሽ ሆነሽ መግባት ትችያለሽ? ስትገቢ እኛ እናውቃለን? እችላለሁ፣ አታውቁም ብዬ መለስኩ። ሲወጣ ለራሴም ጥሩ አልመሰለኝም።

ማን ከየት ሆኖ እንደገባ የሚያሳየውን የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ስፈልግ አሮጌው በአዲሱ ተሽሮ ጠፍቷል፤ በራሱ ጊዜ የሚታደስ ነገር ነው። አቶ አንተነህ ግን ኮምፒውተሩ አጠገብ የሚውሉት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ እሳቸው ቢያጠፉትስ አልኩ በልቤ። እሳቸውም እኔን እንደዚያ ሳያስቡኝ አልቀሩም። ምሳ ሽሮ አብረን በላን። ሽሮው ከአዳማው ወፍራም፣ ጨዋታችን ከሽሮው ቀጭን ነበር።

ከመውጣቴ በፊት በመዝገቡ ላይ ያለውን የመጽሐፉን መግለጫ ከላይ እስከ ታች በደብተሬ ገለበጥኩ።

ቅዳሜ

ወደ ቁይ የሚወስደው ሚኒባስ ሃያ ሰው ጭኖ ተነሳ። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። መለወጫው ጎማም የተነፈሰ ሆነና በእግር ቀጠልን። ዝናብ የነካው ጥቁር አፈር ጫማዬን ያዘና ሶሉን ከላዩ ለየው። አዳማ ብሆን ባጃጅ ጠርቼ እሄድ ነበር። አንዲት ለገበያ የወጣች ሴት ከዘንቢሏ ለመሸጥ የያዘችውን የፕላስቲክ ጫማ አውጥታ ሰጠችኝ። ዋጋውን ስጠይቃት «ቁይ ስንደርስ ትመልሽልኛለሽ፤ እንደ አዲስ እሸጠዋለሁ» አለች። ቁይ ስንደርስ በውኃ አጥባ ዘንቢሏ ውስጥ ጨመረችው፤ የገዛው ሰው ይቅር ይበለኝ። የእኔንም ጫማ የሚሰፋ ሰው አሳየችኝ።

የቁዩ መዝጋቢ ስማቸው የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ የፎቶኮፒ ሱቅ ያለው ዲያቆን ነው። ሲያየኝ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ዓይኑ ግን ከዓይኔ አልገጥም አለ።

«የዚያን መጽሐፍ ወረቀት አሳየኝ» አልኩት። መዝጋቢዎቹ በየደብሩ ሄደው በወረቀት ቅጽ ይሞላሉ፤ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት ከዚያ ነው።

ወረቀቱን አመጣ። ሥዕል፣ የለውም ይላል። ነገር ግን ወረቀቱ በጣም ንጹሕ ነው፤ እጥፋት እንኳ የለበትም።

«ይህ ደብር ድረስ የሄደ ወረቀት ነው?»

«አይደለም» አለ። «ዋናው ዝናብ መትቶት ተበላሸ። ገልብጬ የጻፍኩት ነው።»

«መቼ ገለበጥከው?»

«ነገሩ ከተነሳ በኋላ።»

«የተበላሸውስ?»

«ምን ያደርግልኛል ብዬ ጣልኩት።» ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። «እትዬ፣ ለሚስቴ መምሬ አጎቷ ናቸው። ይህን ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»

እኔም ነገሩ አለቀ አልኩ። አጎትየው ሥዕሉን ሸጡ፤ ይኸኛው ደግሞ መዝገቡን ለማረም ሳይደርስ ተያዘና ወረቀቱን ለወጠ። ሥራዬ ሠርቷል፣ ሌባ አጋልጧል ብዬ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ዲያቆን ስማቸው ቤቱ እንዳድር ለመነኝ። እንቢ ብዬ ሆቴል ያዝኩ።

እሑድ

ደብሩ ከቁይ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ምእመናኑ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ዕቃ ቤት መግባት ለእኔ ስለማይፈቀድ፣ መጽሐፉን ሦስት የተመረጡ ሰዎች በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ደጅ አወጡት። መምሬ ተገኘ ራቅ ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አጠገባቸው የቆመ ሰው የለም።

መጽሐፉ ቅጠል በቅጠል ተገለጠ፤ እስኪያልቅም ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሥዕል የለም። የተቆረጠ ቅጠል ቅሪት ይኖር እንደሆነ ስፌቱን ለማየት ሞከርኩ። የማውቀው ነገር ስላልሆነ አለም የለምም ማለት አልቻልኩም።

አንድ ሽማግሌ፣ ክሱን አጥብቀው የያዙት እሳቸው መሆናቸው ያስታውቃል፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ መኪናሽ ይዋሻል?» አሉኝ፤ ኮምፒውተሩን ማለታቸው ነው።

«የጻፉበትን ነው የሚመልሰው» አልኩ።

«እንግዲያው አይዋሽም ማለት ነው።»

«እሱስ አይዋሽም።»

ያችን ቃል እስከ ዛሬ ብመልሳት እወዳለሁ። ሕዝቡ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ በኋላ እንዳወቅኩት የመምሬ ባለቤት እማማ አበበች ነበሩ። መምሬ አንገታቸውን ደፍተው ከቆዩ በኋላ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ መሽቶብሻል። መንገዱ ወንዝ አለው። ከእኛ ዘንድ እደሪ» አሉኝ።

ከምእመናኑ ማደሪያ ያቀረበልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ሄድኩ። እማማ አበበች እግሬን አጠቡኝ፤ ገብስ ዳቦ ከእርጎ ጋር አቀረቡልኝ፤ አልጋቸውን ለቀው መደብ ላይ ተኙ። አዳማ እንግዳ ሲመጣ ሻይ አፍልተን ቴሌቪዥን እንከፍትለታለን። እዚህ ከሳሽሽ ሲመጣ አልጋ ይለቀቅለታል። እኔ ግን እያንዳንዱን ጉርሻ የምውጠው መደለያ ይሆን እንዴ እያልኩ ነበር።

ሰኞ

ጠዋት መምሬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ሰው ሁሉ አሥራ አራት ሥዕል፣ አሥራ አራት ሥዕል ይለኛል። የቀረውን ግን ያነበበልኝ የለም። ጽሑፉ ሙሉውን ምን ይላል?»

ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ስሙ፣ ተአምረ ማርያም። ብራና። ሁለት ዓምድ። የቅጠሉ ብዛት። ከዚያ የቅጹ ሁለተኛ ገጽ፣ አሥራ አራት ሥዕል። ሽፋኑ ቆዳ የሌለው እንጨት። ጀርባው በአይጥ የተበላ። የመጨረሻው ቅጠል የጎደለ።

«ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«የእኛው ሽፋን ቆዳ ለብሷል። ትናንት በዓይንሽ አይተሻል። የአይጥ ጥርስ ነክቶት አያውቅም፤ መጨረሻው ቅጠልም አለ።» መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጫን አደረጉት። «ሌባ ሥዕል ይቆርጣል፤ ይሁን። የአይጥ ቀዳዳስ ሰፍቶ ይመልሳል? የእንጨቱን ቆዳ ያለብሳል? ልጄ፣ ይህ ሌላ መጽሐፍ ነው። የጽሑፉ ፊት የእኛ፣ ኋላው የማላውቀው ደብር።»

መጽሐፉን ትናንት ራሴ አይቼዋለሁ፤ መግለጫውን ዓርብ በእጄ ገልብጬዋለሁ። ከሥዕሉ በቀር ሌላውን ላስተያይ አላሰብኩም፤ የመጣሁት ሥዕል የሰረቀ ሰው ልፈልግ ነበራ።

ወደ ቁይ ወርጄ ዲያቆን ስማቸውን አገኘሁት።

«በኮምፒውተሩ ስትሠራ የሚያስቸግርህ ነገር አለ?» አልኩት። ቅዳሜ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ነው።

«ኔትወርኩ ያስወጣኛል። አንዳንዴ በቀን ሦስት አራት ጊዜ።»

«የመምሬን መጽሐፍ የጻፍክ ዕለትስ?»

«አስወጥቶኛል። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሼ ሁለተኛውን ልጀምር ስል። ተመልሼ ስገባ ግን ተሞልቶ አገኘሁት። ሞልቼው ረስቼ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።»

«ከነገ ጀምሮ ባስወጣህ ቁጥር በዚያችው ደቂቃ ደውልልኝ» ብዬው ወደ ማርቆስ ተመለስኩ።

ማክሰኞ

ደብረ ኤልያስ በሌላኛው አቅጣጫ ነው። የገጠሩ መንገድ ሜዳ ስለሆነ ዓይን ይረዝማል፤ ጤፍና ስንዴው እስከ ሰማዩ ጠርዝ ይሄዳል። እኔ ግን ከመንገዱ ይልቅ የማገኛትን መዝጋቢ ነበር የማስበው። ዲያቆን ስማቸው ካልሆነ እሷ ናት ብዬ ነበር።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ታይፒስት ናቸው። ኮምፒውተራቸውን ጥልፍ ጨርቅ አልብሰውታል። ስገባ አንድ ደብተር ቶሎ ብለው ከትራስ ሥር ሸሸጉ። አየሁ፤ ያላየሁ መሰልኩ።

የመጣሁበትን ሳልነግራቸው «እንደ ወትሮዎ ይሥሩ፤ እኔ ልይ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ገቡ። ስክሪኑ እንደተከፈተ ግማሹ የተሞላ ቅጽ መጣ። እሳቸው ሳይደነቁ ወረቀታቸውን ከጎናቸው አስተካከሉ።

«ይህን ማን ከፈተው?» አልኩ።

«እሱ ነዋ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ትናንት ካቆምኩበት እንድቀጥል።»

ይህን እያሉ እጃቸው መምታት ጀመረ። ዓይናቸው ከወረቀቱ አልተነሳም። የዕድሜ ልክ ታይፒስት ስክሪን አያይም። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ዲያቆን ስማቸው ነበር።

«አሁን አስወጣኝ፤ በዚህች ደቂቃ» አለኝ።

የወይዘሮ ፈንታነሽን እጅ ያዝኩ። «ይቁሙ፤ አይምቱ» አልኳቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ከፍተን አየን። የተጻፈው የቁይ በኩል ደብር ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለሁለቱ የሰጠሁት አንድ ስም ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ስም የመጣውን እንደ አንድ ሰው ይቆጥራል። ዲያቆን ስማቸው ቁይ ላይ እየሠራ ሳለ ፈንታነሽ ከደብረ ኤልያስ ሲገቡ፣ ያው ሰው ቦታ ለውጦ መጣ ብሎ እሱን ያስወጣና እሳቸውን እሱ ካቆመበት ያስቀምጣቸዋል። እሱ ኔትወርክ ነው ይላል። እሳቸው የራሳቸው የትናንት ሥራ ይመስላቸዋል። ይህን ጠባዩን አላውቀውም ነበር ልል አልችልም። አውቀዋለሁ። አንድ ስም ይቀላል ብዬ ነው የተውኩት።

ያለፈውን ወረቀታቸውን ገለጥን። እዚያው አካባቢ ያለ የሌላ ደብር ተአምረ ማርያም፣ አሥራ አራት ሥዕል፣ ቆዳ የሌለው እንጨት፣ ጀርባው በአይጥ የተበላ፣ የመጨረሻው ቅጠል የጎደለ። በመዝገቡ ውስጥ ግን የዚያ ደብር ሁለተኛ ገጽ ባዶ ነው። ግማሽ የቀሩ ብዙ ስለነበሩ ማንም አላሰበበትም።

የመምሬን ነገር ያኔ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ የካህን ስም ያጠፋሁ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ አይደሉም። ለሁለት ሰው አንድ ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዲያቆን ስማቸውም ያለ ጥፋቱ ነው የተጠረጠረው።»

ከዚያ ደብተሩን ከትራስ ሥር አወጡት። የኮምፒውተር ቃላት በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጽፈው ሲያጠኑበት የኖሩ ደብተር ነው። «ሳታውቅ ነው የምትሠራው እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው» አሉኝ። ምሳ አቀረቡልኝ። በዚህ ጊዜ ግን ሳልጠራጠር በላሁ። «ነገ ከአንቺ ጋር እመጣለሁ፤ ወረቀቴን ይዤ» አሉኝ።

ረቡዕ

ደብረ ማርቆስ ለእያንዳንዱ መዝጋቢ የየራሱን ስም ሠራሁ። ሥራው ሻይ እስኪፈላ ድረስ አልፈጀም። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያሳፈረኝ።

አቶ አንተነህ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ በሩን ዘጉ።

«የመብራት መቆራረጥ ነው በይ» አሉኝ። «ማንም አይጠይቅሽም። የእኛ ጥፋት ነው ካልሽ የትኛው ደብር ነው ከእንግዲህ ሳጥኑን የሚከፍትልን?»

«መብራት ሰው አይከስም፤ አቶ አንተነህ። አይዋሽም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እኔንም ጠርጥረሽኝ ነበር አይደል?»

«እርስዎስ?»

ሳቁ። ከመጣሁ ወዲህ የሳቁት ያን ጊዜ ነው። በሩን መልሰው ከፈቱና «በይ ሂጂ፤ እኔም እመጣ ነበር፣ ጉልበቴ ነው» አሉኝ።

ሐሙስ

የወሩ የማርያም ዕለት ስለነበር ሕዝቡ ከእሑዱ ይበዛል። ወይዘሮ ፈንታነሽና እኔ ጭቃውን ተደጋግፈን ወጣን። እኔ ፊት ቆሜ ጥፋቱን ከነምክንያቱ ተናገርኩ። አዳማ ቢሆን ጫጫታ ይነሳ ነበር። እዚህ ሁሉም ዞሮ መምሬን አየ።

ያ ሽማግሌ ተነሱ።

«እሑድ አይዋሽም አልሽ። ቤታቸው አደርሽ፤ እንጀራቸውን በላሽ። ዛሬ ይዋሻል ትያለሽ። የትኛውን እንመን?»

እሑድ ማታ እኔም ያንኑ ጠርጥሬ ነበር።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። «እኔ የእርሳቸውን እንጀራ አልበላሁም፤ ዛሬ ነው የማያቸው» አሉ። «የዚያኛው ደብር ቄሰ ገበዝ ስልክ ይኸው። ደውሉና ጠይቁ።»

ሽማግሌው በገዛ ስልካቸው ደወሉ፤ ድምፁን ለሁሉ ከፈቱት። የዚያኛው ደብር ቄሰ ገበዝ መጽሐፉን አስወጥተው እስኪመለሱ ስልኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሦስተኛው ላይ ቆጠሩ። ቅጠል ሲገለጥ ይሰማል። አሥራ አራት አሉ። የአይጡንም ነገር ሳይጠየቁ ነገሩ፤ አፍረውበት ኖሯል።

ሽማግሌው ወደ መምሬ ተገኘ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሊነኩ ሲሉ መምሬ በክንዳቸው ያዟቸው። ቁልፉ እዚያው ተመለሰ። ሰዉ እየመጣ መስቀላቸውን ተሳለመ። እኔን ማንም አልነቀፈኝም፤ አንድ ሰው እንዲያውም ምሳ ጠራኝ።

ስሰናበት እማማ አበበች እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«ቁልፉን መለሱ» አሉኝ። «አንድ ወር ሙሉ ግን ከወንዝ ስመለስ እንስራዬን ያሸከመኝ ሴት የለም። እሱን ማን ይመልስልኛል?»

ይቅርታ አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ።

ዓርብ

በመመለሻዬ ቀን አምበር ላይ አውቶቡሱ ለጥቂት ቆመ። ወፍጮው ከመንገዱ ይታያል። ወርጄ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ በማን ስም እንደምጠራ ሳስብ መልሼ ተቀመጥኩ።

አሁን አዳማ ነኝ። ሙቀቱም ነፋሱም ያው ነው። በዚያ በአንዱ ስም የገቡት መጻሕፍት ግን ብዙ ናቸው፤ የትኛው ግማሹ የሌላ ደብር እንደሆነ ኮምፒውተሩ ሊነግረኝ አይችልም። ስለዚህ ከሥራ መልስ ለየደብሩ እየደወልኩ ከሳጥኑ ጋር አስተያያለሁ። ሌላ ሁለት የተደባለቀ አግኝቻለሁ። በነዚያ ገና የተከሰሰ ሰው አልነበረም።

ትናንት ከደብረ ኤልያስ በኩል ያሉ አንድ አረጋዊ ቄሰ ገበዝ ጋ ደወልኩ። መጽሐፋቸውን አውጥተው ሥዕሉንና ሽፋኑን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ጠረጠርሽን እንዴ?» አሉኝ።

«እርስዎን አይደለም፣ አባ። የጠረጠርኩት የራሴን መዝገብ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ስልኩን ይዘሽ ቆዪ» አሉ፤ «መነጽሬን ላምጣ።»